«ጸለይሽልኝ?» ሲለኝ «አዎ» እለዋለሁ

ጥያቄ፦

«ታናሽ ወንድሜ ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ይዤው እሄዳለሁ። በዚሁ ምክንያት ሥራዬን ለቅቄያለሁ። ወላጆቻችን በሕይወት የሉም፤ ያለነው እሱና እኔ ብቻ ነን። መጀመሪያ ላይ ሌት ተቀን እጸልይ ነበር። አሁን ግን ተንበርክኬ አፌን ስከፍት ምንም አይወጣኝም። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፤ ቀን ደግሞ እንደ ፈዘዝኩ እውላለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሁሉም ነገር ደኅና በነበረበት ጊዜ እግዚአብሔርን ብዙም አላስታውሰውም ነበር፤ አሁን ሲጨንቀኝ ብቻ መምጣቴ ግብዝነት ይመስለኛል። አንዲት የማከብራት ሴት ደግሞ “እምነትሽ ሙሉ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ይድን ነበር” አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፈጽሞ ተሰብሬአለሁ። ከሁሉም የባሰብኝ ወንድሜ ነው። ማታ ከመተኛቱ በፊት “ጸለይሽልኝ?” ብሎ ይጠይቀኛል። “አዎ” እለዋለሁ። እየዋሸሁት ነው። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ያቺ ሴት ካለችሽ ልጀምር። ያ ቃል ልብሽ ውስጥ ተሰንቅሮ ሳለ ስለ ጸሎት የምነግርሽ ሁሉ ቦታ አያገኝም። የነገረችሽ ነገር እውነት አይደለም። በቅን ልብ ተናግራው ይሆናል፤ እውነት ግን አይደለም፤ ወንድምሽ አልጋ አጠገብ ይህን ሸክም ተሸክመሽ እንድትቀመጪ አልፈልግም።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚሠቃይበት አንድ አባት አለ። ኢየሱስን «ቢቻልህ ግን እዘንልን እርዳንም» ይለዋል። «ቢቻልህ» ብሎ የሚጀምር ሰው እርግጠኛ ሆኖ የመጣ ሰው አይደለም። ቀጥሎም «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። ልጁም ዳነ። መጀመሪያ እምነትህን አሟልተህ ተመለስ ያለው የለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በበኩሉ የሥጋው መውጊያ እንዲለየው ጌታን ሦስት ጊዜ ለመነ፤ አልተለየውም። «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል መልስ ነው የተሰጠው። እንግዲህ የተጠራጠረው አባት ልጁ ዳነለት፤ ለወንጌል ሲታሰርና ሲገረፍ የኖረው ሐዋርያ ግን መውጊያው አብሮት ኖረ። «ይህን ያህል እምነት ካለሽ ይህን ያህል ታገኛለሽ» የሚል ሒሳብ ከቅዱሳት መጻሕፍት አይወጣም።

ኢዮብን ሊያጽናኑ የመጡት ሦስቱ ወዳጆቹም ያንኑ ሒሳብ ሲሠሩ ነበር። መጀመሪያ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ በመጽሐፉ ውስጥ ከሠሩት ሁሉ መልካሙ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ግን መከራው በገዛ ጥፋቱ የመጣ መሆኑን ሊያሳምኑት ምዕራፍ ከምዕራፍ ደከሙ። በመጨረሻ እግዚአብሔር ኢዮብንም በጥያቄ ፈትኖታል፤ ቁጣው የነደደው ግን በወዳጆቹ ላይ ነበር፤ ስለ እርሱ ቅን ነገር የተናገረው ኢዮብ እንደሆነ ነገራቸው። ያ ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ረግሞ ነበር። ከእግዚአብሔር ጋር ልሟገት ብሎ ጮኾ ነበር። በሽተኛ የሚያስታምምን ሰው በሽታው በአንተ እምነት ማነስ ነው ማለት፣ በደከመ ሰው ጫንቃ ላይ ድንጋይ መጫን ነው፤ ይህን ሳስብ ንዴቴን መደበቅ አልችልም።

በደኅናው ቀን ሳታስቢው ኖረሽ በክፉ ቀን መምጣትሽን ግብዝነት ብለሽዋል። መዝሙር 107ን አንብቢ። (አንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በተለይም የግዕዙን አቆጣጠር የሚከተለው ዳዊት፣ እዚህ የምጠቅሳቸውን መዝሙሮች በአንድ ቁጥር አሳንሶ ስለሚያስቀምጣቸው 106 ሆኖ ልታገኚው ትችያለሽ።) እዚያ አራት ዓይነት ሰዎች አሉ፤ በምድረ በዳ መንገድ የጠፋባቸው፣ በብረት ታስረው በጨለማ የተቀመጡ፣ ታመው እህል የተጠየፉ፣ በባሕር ላይ ማዕበል የያዛቸው። ስለ አራቱም ያው ቃል ይመላለሳል፤ በተጨነቁ ጊዜ ወደ እግዚአብሔር ጮኹ፣ ከመከራቸውም አዳናቸው። እስረኞቹና ሕመምተኞቹ እዚያ የደረሱት በራሳቸው በደል እንደሆነ መዝሙሩ አይሸሽግም። «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» ተብሎ ከደጅ የተመለሰ ግን አንድም የለም። መዝሙር 50 ላይ ደግሞ «በመከራ ቀን ጥራኝ» የሚለው ራሱ እግዚአብሔር ነው። ጨንቆሽ መጣሽ። ያላስመሰልሽውን ነገር ማስመሰል አትበይው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። «አፌን ስከፍት ምንም አይወጣኝም» ብለሻል። ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ግን ያየሁት ሌላ ነው። ድካም አለበት፣ ፍርሃት አለበት፣ «ያለነው እሱና እኔ ብቻ ነን» የሚል ብቸኝነት አለበት፤ በአክብሮት የተሸፈነ ንዴትም አለበት። ይህ ሁሉ ወጥቶሻል፤ የወጣሽ ግን ፊቴን እንኳ አይተሽው ለማታውቂ ለእኔ ነው። ስትንበረከኪ ይህንኑ ለጸሎት አይመጥንም ብለሽ መልሰሽ የምትውጪው ይመስለኛል። ጸሎት የተስተካከለ ቃል፣ የተረጋጋ መንፈስ፣ በምስጋና የሚጀምር ንግግር መሆን አለበት የሚል ነገር ከአንድ ቦታ አድሮብሻል። ያ ሲጠፋ ጸሎቱም የጠፋ መሰለሽ።

ስለ ንጉሡ ስለ ሕዝቅያስ ልንገርሽ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም የይሁዳን የተመሸጉ ከተሞች አንድ በአንድ ይዞ ኢየሩሳሌምን አስጨነቀ። «የምትታመንበት አምላክ አያታልልህ» የሚል ደብዳቤም በመልእክተኞች እጅ ላከበት። ሕዝቅያስ ደብዳቤውን ተቀብሎ አነበበው፤ ከዚያ ወደ እግዚአብሔር ቤት ወጥቶ በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 19 ላይ ታገኚዋለሽ። ጸሎቱን የጀመረው ወረቀቱን በመዘርጋት ነው፤ «ይኸው፣ አንብበው፣ የደረሰብኝ ይህ ነው» እንደማለት።

አንቺም የጻፍሽው ደብዳቤ አለሽ። አንድም ቃል ሳትለውጪ እርሱ ፊት ዘርጊው። «እግዚአብሔር ሆይ» ብለሽ ከላይ ጨምሪበትና ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢው። የወንድምሽን የምርመራ ውጤትም አጠገቡ አስቀምጪው። ስታነቢ ብታለቅሺ አልቅሺ። ብትቆጪ ተቆጪ። ሌላ የሚያምር ቃል አትፈልጊ፤ ጸሎትሽ በእጅሽ ነው፤ አድራሻው ብቻ ነው የተሳሳተው።

የሳሙኤል እናት ሐናም ያደረገችው ከዚህ የተለየ አልነበረም። ልጅ አጥታ፣ ጣውንቷ ዓመት በዓመት እያስቆጣቻት፣ እህል እምቢ ብላ ስታለቅስ ከርማ ወደ ቤተ መቅደስ ገባች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም። ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። «ልብዋ ያዘነባት ሴት ነኝ» አለችው፤ የወይን ጠጅ እንዳልጠጣች፣ በእግዚአብሔር ፊት ነፍሷን እንዳፈሰሰች ነገረችው። ጸሎቷ ለካህኑ ዓይን እንኳ ጸሎት አይመስልም ነበር፤ ስለዚህ ለአንቺ ዓይን ባይመስልሽ አትደነቂ።

ከዚህ ታሪክ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት አንድ ነገር አለ፤ እኔ ግን ስለ መጠጊያ ስጠየቅ የምሄደው ወደዚያ ነው። ሐና ጸልያ ስትነሣ ሄዳ እህል በላች፤ ፊቷም ከዚያ በኋላ ያዘነ መስሎ አልታየም። ይህ የሆነው ከመፅነሷ በፊት ነው። ማኅፀኗ ገና ዝግ ነው፣ ጣውንቷ እዚያው ናት፣ ቤቷ የተለወጠ ነገር የለም። የሳሙኤል መወለድ የልመናዋ መልስ ነው፤ ያ እህል የበላችበት ሰዓት ግን ከመልሱ ቀድሞ የተሰጣት ነው። ሁለቱን ለይተሽ እንድታያቸው እፈልጋለሁ። አንቺ እስካሁን ስትጠብቂ የኖርሽው መልሱን ብቻ ነው፤ መልሱ ስለዘገየ በሩም የተዘጋ መሰለሽ። መጠጊያው ግን መልሱ ሳይመጣ የሚገባበት ነው።

በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 35 ሳያስበው ነፍስ ያጠፋ ሰው ከደም ተበቃይ እንዲሸሽባቸው ስድስት ከተሞች ተለይተው እንዲሰጡ ታዝዟል፤ ሦስቱ ከዮርዳኖስ ወዲያ ማዶ፣ ሦስቱ ወዲህ በከነዓን ምድር። ቃዴስ፣ ሴኬምና ኬብሮን ከእነዚህ ናቸው። ወደዚያ የገባ ሰው የሆነው ነገር እንዳልሆነ አልተደረገለትም፤ የሚያሳድደውም ከውጭ አልጠፋም። ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ምናልባትም ለብዙ ዓመታት እዚያ ይኖራል፣ እዚያ ይሠራል፣ እዚያ ይተኛል። ገብቶ የሚወጣበት ሳይሆን የሚኖርበት ስፍራ ነበር። «አምላካችን መጠጊያችንና ኃይላችን፥ ባገኘን በታላቅ መከራም ረዳታችን ነው» የሚለውን መዝሙር 46 ሳነብ ይህ ትዝ ይለኛል። መዝሙሩ ራሱ ምድር ስትናወጥ፣ ተራሮችም ወደ ባሕር ልብ ሲወሰዱ ነው የሚናገረው፤ ሁሉም ጸጥ ካለ በኋላ የተዘመረ አይደለም።

ወንድምሽ ለምን እስካሁን እንዳልተፈወሰ ማብራሪያ አልሰጥሽም። ኢዮብም አልተሰጠውም። እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሆኖ ሲናገረው ከጥያቄዎቹ አንዱን እንኳ አልመለሰለትም፤ ኢዮብ ግን «አሁን ግን ዓይኔ አየችህ» ብሎ ዐረፈ። ይዳናል ብዬም ቃል አልገባልሽም፤ እንዲህ ያለ ቃል የመግባት ሥልጣን የለኝም። እንዲድን መለመንሽን ግን አታቁሚ። ጌታ በጌቴሴማኒ «ቢቻልስ፥ ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሎ ሲለምን ሦስት ጊዜ ያንኑ ቃል ደግሞ እንደጸለየ ማቴዎስ ጽፏል። «አንድ ነገር እየደጋገምኩ አሰልችቼው ይሆን?» የሚል ሐሳብ ቢመጣብሽ ይህን አስታውሺ።

ቃል ሲጠፋሽ የሌላ ሰው ቃል ተዋሽ። መቶ አምሳው መዝሙር የተጻፈው ለዚህም ነው፤ ከእነሱ ሲሶ የሚያህሉት የኀዘንና የአቤቱታ ጸሎቶች ናቸው። መዝሙር 13 «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምርና «እስከ መቼ» የሚለውን ደጋግሞ ይጠይቃል። መዝሙር 88 ደግሞ እንደ ሌሎቹ እንኳ መጨረሻው ላይ ወደ ምስጋና አይዞርም፤ ባለቀሰበት ያበቃል። ያን መዝሙር ከመጽሐፉ ያወጣው የለም። ዘመናትን ሁሉ ሰዎች ሲጸልዩበት ኖረዋል፤ አንቺ ዛሬ የቆምሽበት ቦታ ላይ ቆመው። እሱንም ማንበብ የሚያቅትሽ ቀን ከመጣ ጴጥሮስ ሊሰጥም ሲል ያላት ትበቃሻለች፤ «ጌታ ሆይ፥ አድነኝ»። እጥበት ክፍል ደጃፍ ተቀምጠሽ፣ መንገድ ላይ፣ ሌሊት ጣራውን እያየሽ። ከዚያም በታች ከሆንሽ ጳውሎስ በሮሜ መልእክት እንዴት እንድንጸልይ በማናውቅበት ጊዜ መንፈስ ራሱ በማይነገር መቃተት ይማልድልናል ይላል። መቃተት ታውቂበታለሽ።

ስለ እንቅልፍሽ ስትጽፊ በአንድ መስመር አልፈሽዋል፤ እኔ ግን በቀላሉ አላየውም። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከአንድ ዛፍ በታች ተቀምጦ «ይበቃኛል» ብሎ ሞቱን ለመነ። እግዚአብሔር ያን ጊዜ ስለ እምነቱ አልጠየቀውም። ተኛ፤ መልአክ ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው፤ በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ተኛ፤ ሁለተኛም ቀሰቀሰውና አበላው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። የጸሎትሽ መድረቅ ከፊሉ የመንፈስ ጉዳይ ሳይሆን የእንቅልፍ ዕዳ ነው ብዬ አምናለሁ። ወንድምሽን የሚያክመውን ሐኪም ስታገኚ ስለ ራስሽም ንገሪው፤ ሌሊቱን ሳትተኚ፣ ቀኑን ፈዝዘሽ መዋልሽን አትደብቂው፤ ሐዘን ከልክ ሲያልፍ ራሱ ሕክምና የሚፈልግ ሕመም ይሆናል። ኤልያስ ያለው ዓይነት «ይበቃኛል» በልብሽ ከመጣ ደግሞ የዚያኑ ቀን ለሰው ተናገሪ፤ ለሐኪም፣ ለምታምኚው የሃይማኖት አባት፣ ለወዳጅ፤ እስኪያልፍ ብለሽ አትጠብቂ።

ምናልባት አንድ ሰው ደግሞ «ካመናችሁ እጥበቱን አቁሙ» ቢላችሁ እንዳትሰሙት። እጥበቱ ሲቋረጥ በሰውነት ውስጥ የሚጠራቀመው ፖታሲየምና ፈሳሽ በጥቂት ቀናት ውስጥ ልብን አደጋ ላይ ይጥላል። ያው ሕዝቅያስ ለሞት በሚያደርስ ሕመም ታሞ ሲያለቅስ «ጸሎትህን ሰምቻለሁ» ተብሎ ዐሥራ አምስት ዓመት ዕድሜ ተጨመረለት። ከዚያ በኋላም ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያመጡ አዘዘ፤ በቍስሉ ላይ አደረጉለት፤ ተፈወሰ። የተስፋው ቃል ከእግዚአብሔር አፍ ወጥቶ ሳለ ጥፍጥፉ አልቀረም። የወንድምሽ እጥበትም ከጸሎትሽ ጋር የሚጣላ ነገር አይደለም።

ብቻሽን መሆንሽ ያሳስበኛል። ጌታ እንኳ በዚያች በጌቴሴማኒ ሌሊት ሦስት ደቀ መዛሙርቱን ለይቶ ወስዶ «ከእኔ ጋር ትጉ» ብሏቸዋል። እነሱ ተኙ፤ ይህም ያማል፤ አንቺም የተኙብሽ ሰዎች ይኖራሉ። ሆኖም ከመለመን አልተመለሰም። ከምታውቂያቸው ሁሉ ዝም ብሎ አጠገብሽ መቀመጥ የሚችል አንድ ሰው ፈልጊ። «ጸልዪልኝ» ብቻ አትበዪ፤ «ማክሰኞ እጥበት ቦታ አብረሽኝ ዋይ» በያት። የምትመክርሽን ሳይሆን የምትመጣዋን ምረጪ።

የመጨረሻው ወንድምሽ ነው። «እየዋሸሁት ነው» ብለሽ ራስሽን ኮንነሻል። እኔ ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን እጁን ይዘሽ የምትሄጂውን መንገድ እግዚአብሔር ከልመና አይቆጥረውም ብዬ አላምንም። ቢሆንም ውሸቱ ከእሱ እየለየሽ ነው፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለታችሁም ብቻችሁን እንድትፈሩ አድርጓችኋል። ስለዚህ ንገሪው። ታምሟልና ይሰበራል ብለሽ ትሰጊ ይሆናል። እኔ የምገምተው ተቃራኒውን ነው። ይህን ያህል ጊዜ ሲታገዝ፣ ሲጎረስ፣ ሲደገፍ የኖረ ሰው ለሌላው አንድ ነገር መስጠት መቻሉን ይናፍቃል፤ አንቺም እሱ ሊሰጥሽ የሚችለውን ነገር አጥተሻል። ኢዮብ ስለ ወዳጆቹ የጸለየው ገና በመከራው ውስጥ ሳለ ነው፤ እግዚአብሔርም ምርኮውን የመለሰለት ስለ እነሱ በጸለየ ጊዜ እንደሆነ ተጽፏል። ሕመምተኛ ለጤነኛ መጸለይ ይችላል።

ዛሬ ማታ «ጸለይሽልኝ?» ሲልሽ «ሳልጸልይ ከረምኩ፣ አልቻልኩም፤ አንተ ጸልይልኝ» በይው። ምናልባት እሱም አልቻለ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ መዝሙር 13ን አውጡ፤ ስድስት ቁጥር ብቻ ነው። አንዱን እሱ ያንብብ፣ አንዱን አንቺ። ሲደክመው የቀረውን አንቺ ጨርሺለት።